ክሮች ሲያብሩና ክሮች ሲጠላለፉ
የአባይን ሸለቆ በኮምፒዩተር ስለ መሣል

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ፣ የአባይ ወንዝ ወደ ሱዳን ከመሻገሩ በፊት በሚያልፍበት ሸለቆ ላይ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ቆሟል። ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኤሌክትሪክ አመንጭቶ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ሲሆን፣ የውኃው ገጽ ያን ጊዜ ከባሕር ወለል በላይ 640 ሜትር ይደርሳል።

ውኃው 600 ሜትር ላይ ሲሆን የትኛው መሬት ይሸፈናል? 620 ላይስ? 640 ላይስ? ይህን ጥያቄ በቃላት ከመመለስ ይልቅ ሸለቆውን በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ በሦስት አቅጣጫ ሥሎ፣ ውኃውን ቀስ በቀስ እያነሡ ማሳየት ይቻላል። ሥራው የፊዚክስ፣ የጂኦግራፊ ወይም የሲቪል ምህንድስና ተማሪ አሶሳም ሆነ ሌላ ቦታ ተቀምጦ በአንድ ላፕቶፕ ሊሠራው የሚችል ነው። ይሁንና እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚጽፍ ሁሉ ዘግይቶም ቢሆን ከአንድ ችግር ጋር ይፋጠጣል። ይኸውም በኮምፒዩተሩ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ብዙ ሠራተኞች አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያበላሽ እንዴት ሊተባበሩ ይችላሉ የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ይሆናል።

ሸለቆው ሳይሞላ የተለካው መሬት

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀናት ጉዞ የምድርን አብዛኛውን የየብስ ክፍል በራዳር ለካች። አንዱ አንቴና በመንኮራኩሯ የጭነት ክፍል ውስጥ፣ ሌላው ደግሞ 60 ሜትር በሚረዝም ምሰሶ ጫፍ ላይ ነበር። ከአንድ ነጥብ ተንጸባርቆ ወደ ሁለቱ አንቴናዎች የሚመለሰው ሞገድ የሚያሳየው የፌዝ ልዩነት የነጥቡን ከፍታ ለማስላት ያስችላል። የዚህ ልኬት ውጤት በ30 ሜትር ገደማ ጥራት ለአፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ ክፍት ሆኗል።

ለእኛ ጉዳይ ይህ መረጃ አንድ ልዩ ጠቀሜታ አለው። ልኬቱ የተካሄደው የግድቡ ግንባታ ከመጀመሩ 11 ዓመት ቀደም ብሎ በመሆኑ፣ ዛሬ ከሐይቁ በታች ያለው መሬት በዚያ መዝገብ ውስጥ ገና ደረቅ ነው። ኮረብታውም፣ ገደሉም፣ የጅረቱም መውረጃ ቁጥር ሆኖ ተቀምጧል።

መረጃው በኬክሮስና በኬንትሮስ አንድ አንድ ዲግሪ በሚሸፍኑ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው። አሶሳ ከሰሜን 10 ምሥራቅ 34 በሚጀምረው ሰሌዳ ውስጥ ስትገኝ፣ ግድቡ ደግሞ ከሰሜን 11 ምሥራቅ 35 በሚጀምረው ውስጥ ይገኛል። ሐይቁ ወደ ደቡብ ስለሚዘልቅ ከአንድ ሰሌዳ በላይ ያርፋል። እያንዳንዱ ሰሌዳ በቁመት 3,601፣ በወርድ 3,601፣ በድምሩ 12,967,201 የከፍታ ነጥቦች አሉት። እነዚህን ነጥቦች በሦስት ማዕዘኖች አያይዘን ገጽ እንሥራ ብንል፣ ለአንዱ ሰሌዳ ብቻ 25,920,000 ሦስት ማዕዘኖች ያስፈልጉናል። በሌላ በኩል ምስሉ ለዓይን ሳይቆራረጥ እንዲንቀሳቀስ በሰከንድ 60 ጊዜ መሣል አለበት ከተባለ፣ ለአንዱ ምስል ያለን ጊዜ ከ17 ሚሊሰከንድ ያነሰ ነው። አዲስ ሰሌዳ ከዲስክ ማንበብ ብቻውን ከዚህ በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፣ አንባቢውና ሠዓሊው አንድ ሠራተኛ ከሆኑ ምስሉ በየጊዜው መቆሙ አይቀርም።

ብዙ ሠራተኞች ለምን አስፈለጉ?

እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ድረስ ፕሮግራም ሲዘገይ መፍትሔው አዲስ ኮምፒዩተር መጠበቅ ነበር። የፕሮሰሰሩ ድግግሞሽ በየጊዜው ይጨምር ነበርና። ነገር ግን አንድ ፕሮሰሰር የሚፈጀው ኃይል ከድግግሞሹና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ያድጋል። ትራንዚስተሮች እያነሱ ሲሄዱ ቮልቴጁም አብሮ ይቀንስ የነበረ ሲሆን፣ የሚያሾልኩት ኤሌክትሪክ እየበዛ በመምጣቱ ይህ ቅነሳ ተገታ። ድግግሞሹን የበለጠ መጨመር ፕሮሰሰሩን ከሚችለው በላይ ማጋል ሆነ። በመሆኑም አምራቾች አንዱን ፕሮሰሰር ከማፍጠን ይልቅ በአንድ ቺፕ ላይ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት ኮር ወደ ማስቀመጥ ዞሩ።

ፕሮግራሙ በእነዚህ ኮሮች ሁሉ እንዲጠቀም ሥራው በበርካታ ትሬዶች መከፋፈል አለበት። ትሬድ ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ በራሱ ቅደም ተከተል የሚሄድ የሥራ ሂደት ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ክር ማለት ስለሆነ እኛም በዚህ ጽሑፍ «ክር» እንለዋለን። የአንድ ፕሮግራም ክሮች ሁሉ አንድ ሜሞሪ ይጋራሉ። አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ ይችላል። የክሮች ጉልበትም አደጋም የሚመነጨው ከዚሁ መጋራት ነው።

ክር በበዛ ቁጥር ሥራው በዚያው ልክ ይፈጥናል ማለት ግን አይደለም። ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳመለከተው፣ ሊከፋፈል የማይችለው የሥራው ክፍል ፍጥነቱን ይገድበዋል። ከሥራው አንድ አሥረኛው የግድ በአንድ ክር ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ አራት ኮሮች የሚሰጡን ፍጥነት አራት እጥፍ ሳይሆን 3.1 እጥፍ ገደማ ነው። ኮሮቹ እልፍ ቢሆኑም ከአሥር እጥፍ አይዘልም።

የጠፋው መሬት

አሁን ወደ ሸለቆው እንመለስ። በውኃ የሚሸፈነውን መሬት ስፋት ማወቅ እንፈልጋለን እንበል። በጉባ ኬክሮስ አንዱ የመረጃ ነጥብ የሚወክለው መሬት 930 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ክሮች፣ «ሀ» እና «ለ»፣ እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን መሬት እየመረመሩ የተሸፈኑትን ነጥቦች ይቆጥሩና በጋራ መዝገብ ላይ ይደምራሉ። መዝገቡ ላይ አሁን 5,000 ተጽፏል። «ሀ» 1,200 ነጥቦችን፣ «ለ» ደግሞ 900 ነጥቦችን አግኝተዋል። ትክክለኛው ድምር 7,100 ነው።

ለሰው አንድ ድርጊት የሚመስለው መደመር ለፕሮሰሰሩ ግን ሦስት ነው፦ ማንበብ፣ መደመር፣ መልሶ መጻፍ። «ሀ» 5,000ን አነበበ። እርሱ ሳይጽፍ «ለ»ም 5,000ን አነበበ። «ሀ» 6,200 ብሎ ጻፈ። «ለ» በእጁ ባለው አሮጌ ቁጥር ላይ 900 ደምሮ 5,900 ብሎ በላዩ ጻፈበት። የ«ሀ» 1,200 ነጥቦች ከመዝገቡ ጠፉ። ይህም ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ነው። ማሳ ሊሆን ይችላል፤ መንደርም ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የስሕተት ምልክት አይታይም። ቁጥሩ እንደ ማንኛውም ቁጥር ሆኖ ይወጣል።

ይህ ዓይነቱ ጥፋት የሽቅድምድም ስሕተት ይባላል፤ ውጤቱ የሚወሰነው ማን ቀድሞ ደረሰ በሚለው ነውና። ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ሁልጊዜ አለመከሰቱ ነው። በአንድ ሙከራ የመከሰት ዕድሉ ከሺህ አንድ ነው ብለን እናስብ። ፕሮግራሙን 100 ጊዜ የሞከረ ተማሪ ምንም ስሕተት ሳያይ የመጨረስ ዕድሉ ከ90 በመቶ በላይ ነው። በ95 በመቶ እርግጠኝነት ቢያንስ አንድ ጊዜ ለማየት ወደ 3,000 የሚጠጉ ሙከራዎች ያስፈልጉታል። ስለዚህ «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» የሚለው አነጋገር በዚህ መስክ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ጉዳዩ የሥዕል ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን ሁለት የታወቁ ታሪኮችን እናንሣ። ቴራክ 25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባሉት ዓመታት በስድስት ታካሚዎች ላይ ከመጠን ያለፈ ጨረር ለቅቆ ለሞት ያበቃቸው ነበሩ። ከምክንያቶቹ አንዱ የሽቅድምድም ስሕተት ሲሆን፣ የታየውም ባለሙያዎቹ ሥራውን ለምደው የጻፉትን ትእዛዝ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ማረም ሲጀምሩ ነው። በዝግታ በሚጽፍ እጅ ስሕተቱ አይገለጥም ነበር። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብን በጨለማ ያስዋጠው የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። በኦሃዮ የሚገኝ የመቆጣጠሪያ ክፍል የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር በሽቅድምድም ስሕተት ቀጥ ብሎ ስለ ነበር፣ ተቆጣጣሪዎቹ መስመሮች እየተቋረጡ መሆናቸውን በጊዜው አላወቁም።

አራት መከላከያዎች

የመጀመሪያውና ከሁሉ የሚሻለው መከላከያ አለመጋራት ነው። እያንዳንዱ ክር የራሱ ሰሌዳና የራሱ መቁጠሪያ ይኑረው፤ ድምሩ በመጨረሻ በአንድ ክር ብቻ ይደረግ። የራዳሩ መረጃ ራሱ ለዚህ የተመቸ ነው። ሰሌዳው 3,600 ሳይሆን 3,601 ነጥቦች ያሉት የዳርቻው መስመር በጎረቤቱ ሰሌዳም ላይ ስለሚደገም ነው። ስለዚህ የዳርቻውን ሦስት ማዕዘኖች ለመሥራት ወደ ጎረቤት ሜሞሪ መሻገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው አለመለወጥ ነው። ማንም የማይጽፍበትን መረጃ እልፍ ክሮች በአንድ ጊዜ ቢያነቡት ጉዳት የለውም። የመሬቱ ከፍታ አንዴ ከዲስክ ከተነበበ በኋላ እንዳይነካ ተደርጎ ሊቀመጥ ይገባል። የሚለዋወጠው ውኃው እንጂ መሬቱ አይደለም።

ሦስተኛው ቁልፍ ነው። ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ በአንድ ጊዜ አንድ ሂደት ብቻ ወደ ጋራው ሥፍራ እንዲገባ የማድረግን ጥያቄ አንሥቶ መፍትሔ አቅርቧል። ዛሬ ሚዩቴክስ የሚባለው ቁልፍ ይህንኑ ይሠራል፦ ቁልፉን የያዘ ይገባል፣ ሌላው ደጅ ይጠብቃል። ለአንድ ቁጥር ብቻ ከሆነ ደግሞ ማንበብን፣ መደመርንና መጻፍን እንደ አንድ የማይከፈል ድርጊት የሚፈጽም የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስላለ ቁልፍ እንኳ አያስፈልግም።

ቁልፍ ግን የራሱን ጣጣ ያመጣል። «ሀ» የአሶሳን ሰሌዳ ቆልፎ የጉባን ሰሌዳ ይጠብቃል፤ «ለ» የጉባን ቆልፎ የአሶሳን ይጠብቃል። አንዱም የያዘውን ስለማይለቅ ሁለቱም ለዘላለም ይቆማሉ፤ ምስሉም ደርቆ ይቀራል። ይህ የእርስ በርስ መቆላለፍ ይባላል። መድኃኒቱ ሥርዓት ነው። ማንኛውም ክር ከአንድ በላይ ሰሌዳ ሲቆልፍ ሁልጊዜ ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ እኩል ሲሆን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ብሎ ይጀምር። ሁሉም በአንድ ቅደም ተከተል ከሄደ መቆላለፉ ሊፈጠር አይችልም።

አራተኛው በየዙሩ መጠባበቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማጤን ያስፈልጋል። ከ640 ሜትር በታች የሆነ መሬት ሁሉ በውኃ አይሸፈንም። ከግድቡ በስተ ታች ወደ ሱዳን የሚወርደው ሸለቆ ከዚያ ዝቅ ያለ ቢሆንም የሐይቁ አካል አይደለም። አንድ ነጥብ የሚሸፈነው ዝቅተኛ ሲሆንና ከሐይቁ ጋር በማያቋርጥ የውኃ መንገድ ሲገናኝ ነው። ስለዚህ ክሮቹ ውኃውን በየሰሌዳቸው ያስፋፋሉ፣ ዳርቻ ላይ የደረሰውን ለጎረቤት ያስተላልፋሉ፣ ከዚያም እንደገና ይጀምራሉ። አዲስ የተሸፈነ ነጥብ እስከማይኖር ድረስ ይህ ይደጋገማል። በየዙሩ መጨረሻ ሁሉም ክሮች መጠባበቅ አለባቸው፤ አንዱ ቀድሞ ቢሄድ ያልተጠናቀቀ ዳርቻ ያነባልና።

የበርታ ሕዝብ ዋዛ በሚባለው የቅል ጡሩምባ ሙዚቃው ይህን ጥበብ ከኮምፒዩተር በፊት ያውቀዋል። እያንዳንዱ ጡሩምባ የሚያሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ እየተፈራረቁ፣ እያንዳንዱ በተራው ሲነፋ ነው። ማንም የሌላውን ድምፅ አይነፋም፤ ማንም ከተራው አይቀድምም።

ብሩሹ በአንድ እጅ

እስካሁን የተናገርነው ለማንኛውም ፕሮግራም ይሠራል። የሥዕል ሶፍትዌር ግን ተጨማሪ ባሕርይ አለው። ሥዕሉን በመጨረሻ የሚሠራው የግራፊክስ ካርዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣውና ለረጅም ዘመን በተሠራበት ኦፕን ጂኤል ሥርዓት ከካርዱ ጋር የሚደረገው ግንኙነት ኮንቴክስት በሚባል ነገር በኩል ሲሆን፣ አንድ ኮንቴክስት በአንድ ጊዜ ከአንድ ክር በላይ ሊጠቀምበት አይችልም። ከሠዓሊው ውጭ ያለ ክር ኮንቴክስት ሳይኖረው ካርዱን ቢያዝ፣ ፕሮግራሙ ሊወድቅ ወይም ትእዛዙ ያለ ድምፅ ሊቀር ይችላል።

በዚህ ምክንያት የተለመደው አሠራር የሚከተለው ነው። አንባቢ ክሮች ሰሌዳዎችን ከዲስክ ያነባሉ፣ ሦስት ማዕዘኖቹን ያዘጋጃሉ፣ ያለቀለትን ወረፋ ላይ ያስቀምጣሉ። ብሩሹን የያዘው አንዱ ሠዓሊ ክር ብቻ ከወረፋው እያነሣ ለካርዱ ያስረክባል። ቁልፍ የሚያስፈልገው ወረፋው ብቻ በመሆኑ የሚቆለፍበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ወረፋው ሌላም ጥቅም አለው። የዛሬ ፕሮሰሰሮች ለፍጥነት ሲሉ የመጻፍን ቅደም ተከተል ሊያዛውሩ ስለሚችሉ፣ «ሰሌዳው ዝግጁ ነው» የሚለው ምልክት ከሰሌዳው ቀድሞ ለሌላው ክር ሊታይ ይችላል። በቁልፍ የተጠበቀ ወረፋ ይህን ይከለክላል። የሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋም እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ደንቡ ይህንኑ በግልጽ ደንግጓል።

ሌላው ጥንቃቄ የምስሉ አንድነት ነው። ሠዓሊው ሥዕሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሌላ ክር የውኃውን ከፍታ ከ620 ወደ 640 ቢቀይረው፣ የሐይቁ አንዱ ወገን በአሮጌው፣ ሌላው ወገን በአዲሱ ከፍታ ይሣላል። እንዲህ ያለ ሐይቅ በተፈጥሮ የለም። መፍትሔው ሁለት ቅጂ መያዝ ነው። ሠዓሊው ከአንደኛው ያነባል፤ አስሊው በሁለተኛው ላይ ይጽፋል፤ አንዱ ምስል አልቆ ሌላው ሳይጀመር ብቻ ይለዋወጣሉ። ካርዱም በራሱ ፍጥነት የሚሠራ ስለሆነ ትእዛዝ መስጠት ሥራው ተጠናቋል ማለት አይደለም። ካርዱ እያነበበ ባለው ሜሞሪ ላይ ከመጻፋችን በፊት መጨረሱን ማረጋገጥ ይኖርብናል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ቨልካን ብዙ ክሮች የሥዕል ትእዛዞቻቸውን በየራሳቸው ዝርዝር ጎን ለጎን እንዲያዘጋጁ ይፈቅዳል። በምላሹ ግን የማመሳሰሉን ኃላፊነት በአብዛኛው ለፕሮግራሙ ጸሐፊ ያስረክባል። ነፃነቱ በሰፋ መጠን ጥንቃቄውም ይሰፋል።

የቦታ ስሞችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ ጉባ፣ ኩርሙክ፣ ባምባሲ ብሎ በካርታው ላይ መጻፍ ቀላል ሆኗል። ፊደሉን የሚሥለው በሰፊው የሚሠራበት ፍሪታይፕ ግን አንድን የፊደል መልክ በአንድ ጊዜ ከአንድ ክር በላይ እንዲይዘው አይፈቅድም። ለእያንዳንዱ ክር የራሱን መክፈት ወይም ስሞቹን ለአንድ ክር መተው ይገባል።

እንዴት እናረጋግጥ?

ሙከራ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ዓይተናል። ቢሆንም የሚረዱ መንገዶች አሉ። አንደኛው ይህንኑ ሥራ በአንድ ክር ብቻ ሠርቶ ውጤቱን ከብዙ ክሮች ውጤት ጋር ማወዳደር ነው። የነጥብ ቆጠራ በሙሉ ቁጥር ስለሚሠራ ሁለቱ ሳይዛነፉ እኩል መሆን አለባቸው። የአስርዮሽ ቁጥሮች ድምር ግን በኮምፒዩተር ውስጥ በቅደም ተከተሉ ይወሰናል። ክሮች በተለያየ ተራ ሲደምሩ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ያለ ምንም ስሕተት ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ መቁጠር፣ በስፋት ማባዛት ደግሞ በመጨረሻ መሆን አለበት። ሁለተኛው ትሬድ ሳኒታይዘርንና ሄልግሪንድን በመሳሰሉ ነፃ መሣሪያዎች መጠቀም ነው። እነዚህ ሁለት ክሮች አንድን የሜሞሪ ሥፍራ ያለ ጥበቃ ሲነኩ፣ ውጤቱ በዚያ ጊዜ ትክክል ቢሆን እንኳ ይጠቁማሉ። ሦስተኛው ደግሞ እያንዳንዱ የጋራ ነገር ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቁልፍ እንደሚጠበቅ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ማስፈር ነው።

በመጨረሻም አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ የራዳሩ ልኬት ራሱ ስሕተት እያለው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? እውነት ነው፤ የልኬቱ የከፍታ ስሕተት በ90 በመቶ እርግጠኝነት ከ16 ሜትር እንዳይበልጥ ነበር የታቀደው። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። የልኬት ስሕተት መጠኑ የሚታወቅ በመሆኑ ከካርታው ግርጌ ልንጽፈውና ተጠቃሚው አስቦበት እንዲወስን ልናደርግ እንችላለን። የሽቅድምድም ስሕተት ግን መጠን የለውም። ዛሬ ዜሮ፣ ነገ አንድ ማሳ፣ ከነገ ወዲያ አንድ ሙሉ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል። የውኃ ካርታ ደግሞ ተመልክቶ የሚታለፍ ሥዕል አይደለም። መንገድ በየት ይለፍ፣ ትምህርት ቤት የት ይሠራ፣ ማን ከመሬቱ ይነሣ የሚሉ ውሳኔዎች ሊደገፉበት ይችላሉ። በካርታው ላይ ደረቅ ሆኖ የተሣለ መሬት ላይ ቤቱን የሚሠራ ሰው ስለ ክሮችና ስለ ቁልፎች ሊያውቅ አይገደድም። ማወቅ ያለበት ፕሮግራሙን የጻፈው ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የብዙ ክሮች ትብብር ትልቅ ኃይል ነው። ድሩ የሚያስረው ግን እያንዳንዱ ክር ቦታውንና ተራውን ሲያውቅ ነው፤ ያለዚያ የሚታሰረው ባለ ድሩ ራሱ ይሆናል።